የበለዘው ጥርስ ታሪክ

 ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ከእናንተ አንዱ የድሮ የክፍል ፎቶ ላከልኝ። በ1985 ዓ.ም. የተነሳነው ነው። እኔ ጥግ ላይ ቆሜያለሁ፤ ያኔ ጸጉሬም ሙሉ ነበር። ፎቶውን አጉልቼ ሳየው አንድ ነገር ከነከነኝ። ልጆቹ ፈገግ ብለዋል፤ ግን አፋቸውን ገጥመው ነው። ጥርሱን ያሳየ አንድም የለም። ሁለት ልጆችማ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነዋል።

ትምህርት ቤቱ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። እኔ ደግሞ የደጋ ሰው ነኝ። ተመድቤ እንደሄድኩ የልጆቹ ጥርስ በልዞ፣ የአንዳንዱም ተሸራርፎ ሳየው "እነዚህ ልጆች ጥርሳቸውን አይፍቁም እንዴ?" ነው ያልኩት። ሰኞ ሰኞ ሰልፍ ላይ የንጽሕና ቁጥጥር ነበረን፤ ጥፍር፣ ጸጉር፣ ጥርስ እናያለን። አንድ ቀን አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ከሰልፍ አውጥቼ፣ ተማሪው ሁሉ እያየ፣ "ነገ ጥርስሽን ፍቀሽ ነይ" አልኳት።

በማግስቱ መጣች። በከሰልና በአሸዋ ፍቃ ፍቃ ድዷ ቆስሏል፤ ጥርሷ ግን ያው ነው።

እናቷም አብረዋት መጡ። አልተቆጡኝም። "መምህር፣ እርስዎ የደጋ ሰው ስለሆኑ አይፈረድብዎትም። ይሄ ቆሻሻ አይደለም፤ የጉድጓዱ ውሃ ነው። የኔን ጥርስ አያዩትም? እኔ ከአርሲ ደጋ አግብቼ ነው የመጣሁት። እዚህ የወለድኳቸው ግን ሁሉም እንዲህ ናቸው" አሉኝ። በሆዴ ሳቅሁ። ውሃ ደግሞ ጥርስ ያበልዛል?

ያበልዛል። የታሪክ መምህር ሆኜ ይህን ታሪክ አለማወቄ ዛሬም ያሳፍረኛል። ስለዚህ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1901 ፍሬድሪክ ማኬይ የሚባል ወጣት የጥርስ ሐኪም አሜሪካ ውስጥ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ወደምትባል ከተማ ሄደ። እዚያ ተወልደው ያደጉት ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ አገኘው። የከተማው ሰው የየራሱ ምክንያት ነበረው፤ አንዱ የአሳማ ሥጋ መብዛት ነው ይላል፣ ሌላው ወተቱ ነው ይላል፣ ውሃው ነው የሚልም ነበር። ማኬይ በመጽሐፍ ቢፈልግ አጣው። በ1909 ጂ. ቪ. ብላክ የተባሉ ስመ ጥር የጥርስ ሊቅ አብረውት መመርመር ጀመሩ። በከተማው ከተወለዱት ልጆች ወደ 90 በመቶ የሚጠጉት ጥርሳቸው እንዲህ ነበር።

ሁለት ነገር አስተዋሉ። አንደኛ፣ ቋሚ ጥርሱ ድድ ውስጥ ሳለ በደንብ የተሠራለት ሰው በኋላ ቢመጣም አይበልዝበትም። ስለዚህ ነገሩ ከላይ የሚለጠፍ ቆሻሻ ሳይሆን ጥርሱ ሲሠራ አብሮ የሚገባ ነው። ሁለተኛ፣ የበለዘው ጥርስ ቶሎ በትል አይበላም። ይሄኛው ግራ አጋባቸው።

በ1923 ማኬይ ኦክሊ ወደምትባል የአይዳሆ ከተማ ተጠራ። ወላጆች "የልጆቻችን ጥርስ የበለዘው ከሩቅ ምንጭ በቧንቧ ውሃ ከተሳበልን ወዲህ ነው" አሉት። ምንጩ ለብ ያለ ውሃ ነበር። ማኬይ ውሃውን ቢመረምር ምንም አላገኘበትም። ቢሆንም ወላጆቹን አመናቸው፤ ቧንቧውን ትታችሁ ሌላ ምንጭ ጠጡ አላቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የትንንሾቹ ቋሚ ጥርስ ነጭ ሆኖ ወጣ። ልብ በሉ፤ ማኬይ ምክንያቱን ሳያውቅ ነው ወላጆቹን የሰማው። እኔ ደግሞ የነገሩኝን እናት አልሰማሁም።

ምክንያቱ የተገኘው በ1931 ነው። ቦክሳይት በምትባል የአርካንሳስ ከተማም የልጆች ጥርስ በልዞ ነበር። ከተማዋ ያኔ የአልሙኒየም ኩባንያ ከተማ ነበረች። ያኔ ደግሞ የአልሙኒየም ድስት ይመርዛል የሚል ወሬ ይናፈስ ነበርና ኩባንያው ሰጋ። ኤች. ቪ. ቸርችል የተባለው ዋና ኬሚስቱ ውሃውን በአዲስ መሣሪያ ሲያስመረምር ፍሎራይድ በብዛት ተገኘበት። የኮሎራዶው ውሃም ሲታይ ያው ሆነ።

ከዚያ ትሬንድሊ ዲን የተባለ የመንግሥት ተመራማሪ መጠኑን አጠና። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ እስከ 1 ሚሊግራም የሚደርስ ፍሎራይድ አብዛኛውን ልጅ እንደማያበልዝ ለየ። በዚህ መነሻ በጥር 1945 ግራንድ ራፒድስ የተባለችው የሚሺጋን ከተማ ፍሎራይድ በልኩ ውሃዋ ላይ ጨመረች፤ በዓለም የመጀመሪያዋ ነች። በ15 ዓመት ጥናት ከዚያ በኋላ የተወለዱ ልጆች የጥርስ መበላሸት ከ60 በመቶ በላይ ቀነሰ። ዛሬ የጥርስ ሳሙናችን ላይ "ፍሎራይድ አለው" ተብሎ የሚጻፈው ከዚህ የመጣ ነው። ለአንዱ ልጅ መድኃኒት፣ ለሌላው ጠባሳ፤ ልዩነቱ መጠኑ ነው።

የኛስ? ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ውሃው ከመሬት በታች በዚያ አለት ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ እያሟሟ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ እዚያ ግን ይህን በብዙ እጥፍ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ካቋቋመ በኋላ ከሌላ አካባቢ ለሥራ የመጡ ሠራተኞች የጉድጓድ ውሃ ሲጠጡ ኖረው፣ ከጥርስም አልፎ አጥንታቸው የተጎዳ ብዙዎች ነበሩ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ጥናት፣ ከተመረመሩት በስምጥ ሸለቆ ተወልደው ካደጉ ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው በፍሎራይድ ተነክቶ ተገኝቷል።

እ.ኤ.አ. 1987 ማለት በኛ 1979 ወይም 1980 ነው። እኔ ያቺን ልጅ ከሰልፍ ሳወጣት ጥናቱ ከታተመ ዓመታት አልፈውት ነበር።

እዚያ ልጅ የምታሳድጉ ካላችሁ ሦስት ነገር ላስታውስ። ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያጠፋም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይብሳል። ዋናው ጉዳት የሚደርሰው ቋሚ ጥርስ ሲሠራ፣ ማለትም እስከ 8 ዓመት ገደማ ነው፤ ስለዚህ የዝናብ ውሃም ሆነ በከሰለ አጥንት የተጣራ ውሃ ከቤት ከተገኘ ቅድሚያ ለሕፃናቱ ይሁን። ደግሞም የበለዘ ጥርስ በፍተጋ አይነጣም፤ ድድ ነው የሚያቆስለው። የጥርስ ሐኪም ግን ቀለሙን የሚያቀልበት ወይም የሚሸፍንበት መንገድ አለው።

አስተማሪ የሆናችሁ ልጆቼ፣ ጥርሱ የበለዘ ልጅ ስታዩ መጀመሪያ የት ተወለድክ፣ ምን ውሃ ጠጣህ ብላችሁ ጠይቁ።

አንቺ ደግሞ፣ ስምሽን አልጠራም፤ ይህን ካነበብሽው ታውቂዋለሽ። ያን ቀን ንጹሕ ነበርሽ። ያላወቅሁት እኔ ነበርኩ። በሰው ፊት ነው ያሳፈርኩሽ፤ ስለዚህ ይቅርታም በሰው ፊት ልጠይቅሽ ብዬ ነው። እናትሽ በሕይወት ካሉ፣ "መምህሩ እውነትሽን ነው ብሏል" በይልኝ።