የጥገና መጽሐፍና የአርሲ ደጋ ሞተር

ማንኛውም ሞተር ከተሠራበት ፋብሪካ ሲወጣ ብቻውን አይወጣም፤ ስለ አያያዙና ስለ ጥገናው የሚናገር መጽሐፍ አብሮት ይወጣል። ይሁን እንጂ የሁለቱ ጉዞ አንድ ሆኖ አልተገኘም። መኪናው ወደብ ተሻግሮና ዳገት ወጥቶ ሳጉሬ ሲደርስ፣ መጽሐፉ ብዙ ጊዜ በመንገድ ቀርቷል፤ ቢደርስም አንባቢ አላገኘም፤ አንባቢ ቢያገኝም የተጻፈው ለሌላ አገር አየር፣ መንገድና ጋራዥ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጥገና መጽሐፍን ጥቅምና ጉድለት ከአገራችን፣ በተለይም ከአሰላና ከአካባቢው ደጋ ታሪክ አንጻር መመርመር ነው።

የመጽሐፉ አመጣጥ

የተሽከርካሪ መጻሕፍት በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው ለባለንብረቱ የሚሰጠው የአያያዝ መመሪያ ነው። ሁለተኛው ፋብሪካው ለወኪሎቹና ለሠለጠኑ መካኒኮች የሚያዘጋጀው ማኑዋል ነው። ሦስተኛው ደግሞ መኪናውን በገዛ እጁ ለሚጠግን ተራ ሰው የተጻፈው ነው። ለዚህ ለሦስተኛው ዓይነት ታላቅ እርምጃ የሆነው እንግሊዛዊው ጆን ሄይንስ እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመው የኦስቲን ሂሊ ስፕራይት የጥገና መጽሐፍ ነው። የአዘጋጆቹ ዘዴ መኪናውን እስከ መጨረሻው ፈትቶ መልሶ መግጠምና እያንዳንዱን እርምጃ ፎቶግራፍ ማንሣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ አሜሪካዊው ጆን ሙይር ስለ ቮልስዋገን ጥገና የጻፈው መጽሐፍ፣ ሞተር ነክቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ሊረዳው በሚችል የዕለት ተዕለት አነጋገር የቀረበ በመሆኑ ብዙ አንባቢ አገኘ። የሁለቱም ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም የጥገና ዕውቀት የጋራዡ ምሥጢር ሆኖ መቅረት የለበትም የሚል ነው።

ጆሮ የተማረው ሙያ

በኢትዮጵያ ግን ሙያው የተስፋፋው በመጽሐፍ ሳይሆን በጆሮና በእጅ ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያው አውቶሞቢል ዐፄ ምኒልክ ዘንድ ከደረሰ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት የመኪናው ቁጥር አነስተኛ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን መንገድ ሲቀደድና የጭነት መኪና ሲበዛ ጋራዦችም አብረው በዙ፤ ከነጻነት በኋላም በርካታ ጣሊያናውያን መካኒኮች እዚሁ ቀሩ። ረዳቱ ከዋናው መካኒክ ጎን ቆሞ የዕቃውን ስም እንደ ሰማው ያዘ። ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ የሚሉት ቃላት ሁሉ በዚህ መንገድ የገቡ ናቸው።

ከዚህ የተነሣ አንድ እንግዳ ሁኔታ ተፈጠረ። መካኒኩ የሚናገረው ከጣሊያንኛ የተወረሰ ቃል ነው፤ ማኑዋሉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የአርሲ ገበሬ የሚናገረው ደግሞ ኦሮምኛ ነው። አንድ ኩሽኔታ በአራት ቋንቋ መካከል ሲንከራተት ስሙን እንጂ ሥራውን አላጣም፤ መጽሐፉን ከአንባቢው ያራቀው ግን ይኸው መንከራተት ነው።

ትራክተር በጭላሎ

በስዊድን መንግሥት ርዳታ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመውና ማዕከሉን አሰላ ላይ ያደረገው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) የተሻሻለ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ለአነስተኛው ገበሬ ለማድረስ የታቀደ ነበር። በበሬ የሚጎተት የተሻሻለ ማረሻና ጋሪ የሚያጠና ክፍልም ነበረው። ሆኖም የስንዴ ምርት አትራፊ መሆኑ በታየ ጊዜ ባለመሬቶችና ተኮናታሪዎች ትራክተርና ኮምባይነር አስገቡ፤ መሬቱን ራሳቸው ማረስ ሲጀምሩም ብዙ ጭሰኞች ተፈናቀሉ። ስለዚህ የደጋው ገበሬ ሞተርን በመጀመሪያ ያወቀው እንደሚማረው መሣሪያ ሳይሆን ከይዞታው እንደሚያስለቅቀው ኃይል ነበር። የሞተሩም ዕውቀት በባለሀብቱ፣ በሾፌሩና በከተማው መካኒክ እጅ ብቻ ቀረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን የብዙው መሣሪያ ባለቤትነት ወደ መንግሥት እርሻና ወደ ማኅበራት ተዛወረ። ካዱም በ1968 ዓ.ም. አርዱ ተብሎ መላውን አርሲ እንዲያገለግል ተደረገ። ባለቤቱ በአዋጅ ተለወጠ፤ የጥገና ዕውቀት ግን በአዋጅ የሚዛወር ነገር አይደለም። የስንዴ መሰብሰቢያ ጊዜ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ በእነዚያ ቀናት አንድ ኮምባይነር በቺንጋ መበጠስ ቢቆምና ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ቢመጣ የሚጠፋው የዓመት ድካም ነው። የጥገና መጽሐፍ ዋጋ የሚታወቀውም እንዲህ ባለው ቀን ነው።

የሚጓዘውና የማይጓዘው

የመጽሐፉ ትልቁ ጥቅም ቅደም ተከተል ማስተማሩ ነው። ሞተር አልነሣም ሲል ያገኙትን ሁሉ ከመፍታት ይልቅ በመጀመሪያ ነዳጁን፣ ቀጥሎ እሳቱን፣ ከዚያም እምቅታውን መመርመር የመጽሐፍ ሥርዓት ነው። ከዚህም ሌላ በግምት ሊገኙ የማይችሉ ቁጥሮችን ይሰጣል። የቴስታታ ቡሎን የሚጠብቅበት ኃይልና ቅደም ተከተል፣ የቫልቭ ክፍተት፣ የሲሊንደሮች የመተኮስ ተራ የመሳሰሉት ለንደንም ሆነ ሳጉሬ አይለወጡም። እነዚህን በልምድ ብቻ የሚሠራ መካኒክ ቴስታታውን ያጣምማል፤ ጓርኒሲዮኑንም ያቃጥላል።

ሁሉም ቁጥር ግን እንዲህ አይደለም። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሳጉሬም ደጋ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በመሆኑም ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አራተኛ ገደማ ያጣል፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ቤንዚን ያበዛል፤ ናፍታ ሞተርም ጥቁር ጭስ ያወጣል። ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ የራዲያተር ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው ሞተሩ መጽሐፉ ከሚለው ቀድሞ ይፈላል።

ከሁሉ የሚከፋው የእምቅታ ልክ ነው። በባሕር ጠለል 10 ኪሎ የሚያሳይ ጤነኛ ሲሊንደር አርሲ ደጋ ላይ 7 ተኩል ገደማ ያሳያል። መጽሐፉን ቃል በቃል የሚከተል መካኒክ ጤነኛውን ሞተር አልቋል ብሎ ያወርደዋል፤ ባለንብረቱም ላላስፈለገ ፒስተንና ፋሻ ገንዘቡን ያወጣል። እዚህ ላይ የሚረዳው የመጽሐፉ ቁጥር ሳይሆን የመጽሐፉ ዘዴ ነው። ሲሊንደሮቹ እርስ በርሳቸው ይነጻጸራሉ፤ ዝቅ ባለው ላይ ጥቂት ዘይት ተጨምሮ እንደገና ይለካል። ልኩ ከፍ ካለ ጥርጣሬው ፋሻው ላይ ነው፤ ባለበት ከቆመ ግን ቫልቩ ወይም ጓርኒሲዮኑ ነው።

ሌሎች ጉድለቶችም አሉ። የአየር ማጣሪያ የሚጸዳበትና ዘይት የሚለወጥበት ጊዜ የተወሰነው በአስፋልት ለሚሄድ መኪና ነው እንጂ በአውድማ አቧራ ውስጥ ለሚውል ኮምባይነር አይደለም። ጸሐፊው ልዩ መፍቻ አለ ብሎ ይነሣል፤ በገጠር ያለው ግን አንድ ሣጥን የተደባለቀ መፍቻ ነው። የግማሽ ኢንች ቡሎን 12.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን በ13 ቁጥር ሲፈታ ጠርዙ ይላጋል። መግጠሙን የመፍታቱ ግልባጭ አድርጎ በአንድ መሥመር የሚያልፍ መጽሐፍም፣ የዛገና የተሰበረ ቡሎን ለገጠመው ሰው ምንም አይነግረውም።

የሚቀረው ሥራ

ዘመኑ ተለውጧል። በኤሌክትሮኒክ የሚመራ የነዳጅ ሥርዓት የአየሩን ግፊት ራሱ ለክቶ ድብልቁን ያስተካክላል። ሄይንስ እ.ኤ.አ. በ2020 አዳዲስ የጥገና መጻሕፍትን በወረቀት ማሳተም እንደሚያቆም አስታውቋል። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ በመወሰኗ፣ በልምድ የሚነካ ሰው ሕይወቱን ሊያጣበት የሚችል ከፍተኛ ቮልቴጅ ወደየጋራዡ እየገባ ነው። በዚህ ጊዜ ያለ መጽሐፍ መሥራት የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ስለሆነም የሙያ ማኅበራት ሥራ የውጭውን ማኑዋል ማወደስ ወይም መንቀፍ አይደለም። የሚያስፈልገው ከማኑዋሉ ጎን የሚቀመጥ አነስተኛ መጽሐፍ ነው፤ የትኛው ቁጥር እንዳለ እንደሚወሰድ፣ የትኛው ለደጋ አየርና ለአቧራ እንደሚታረም በሠንጠረዥ የሚያሳይ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ የተጻፈ፣ የጋራዡን ስሞች ከፋብሪካው ስሞች ጋር ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ። ኩሽኔታን ኩሽኔታ ብሎ የሚጠራ መጽሐፍ ሲገኝ፣ በሳጉሬ ጋራዥ ያለው ረዳት ከሚሰማው ሌላ የሚያነበው ነገር ይኖረዋል።