“በጽሑፍ ያለ ይወረሳል”፤ የማን ጽሑፍ?

“በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ይላሉ አበው። እውነታቸውን ነው። ሆኖም አባባሉ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል፤ የሚወረሰውን የሚጽፈው ማን ነው? ዛሬ በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ በሚነበበው የሕዝብ ኢንሳይክሎፔዲያ ላይ ይህ ጥያቄ በየዕለቱ ይነሣል። በተለይ ስለ አንድ ኩባንያ የተጻፈ ጽሑፍ ለማረም የተቀመጠ ሰው ከጥያቄው አያመልጥም። እኔም ከጋዜጠኝነቱ ጎን ለጎን እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን ሳርም ቆይቻለሁና፣ ነገሩን ከሥሩ አንሥቼ እስከ ጋምቤላዋ አቦቦ ላድርሰው።

“ማረም” የገበሬም የጸሐፊም ቃል ነው። ገበሬ እህሉን ከአረም ይለያል፤ ጸሐፊ እውነቱን ከግነት። ታዲያ አረሙ የቱ እንደሆነ የሚወስነው እጁ መሣሪያውን የያዘው ሰው ነው። ዴኒ ዲድሮ ይህን በራሱ ላይ አይቶታል። እሱና ባልደረባው ዳላምቤር እ.ኤ.አ. በ1751 ማሳተም የጀመሩት ታላቁ የፈረንሳይ ኢንሳይክሎፔዲያ በ1772 ሲያበቃ 28 ጥራዝ ሆኖ ነበር፤ 17ቱ ጽሑፍ፣ 11ዱ ሥዕል። ዲድሮ የቢላ ሠሪ ልጅ ነበርና፣ የእጅ ባለሞያውን ጥበብ ከነመሣሪያው በክብር መዘገበ። በ1764 ግን የታተመውን ገጽ ሲያገላብጥ ጽሑፉ ተቆራርጦ አገኘው። አታሚው ለ ብሬቶን መንግሥትንና ቤተ ክህነትን ፈርቶ፣ ለጸሐፊዎቹ ሳይነግር በድብቅ መቀሱን አሳርፎበት ኖሯል። የአራሚ መቀስ ከጸሐፊ ብዕር ሊበረታ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር ጥር 7 ቀን 1993 ዓ.ም. የከፈቱት ውክፔዲያ መቀሱን ለሁሉም አደለው። ማንም ይጽፋል፣ ማንም ያርማል፤ እርማቱም ከነቀኑና ከነሰዓቱ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ለ ብሬቶን ዛሬ ቢኖር የቆረጠው ሁሉ በአደባባይ በታየ ነበር። የግዕዝ ፊደልም እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ላይ 345 ምልክቶች ይዞ ከዓለም ፊደላት ጋር ስለተሰለፈ፣ ዛሬ አማርኛም የራሱ ውክፔዲያ አለው። ይህ ሁሉ ነጻነት ግን ልጓም አለው፤ ለጻፍኸው ነገር የታተመ፣ ከባለጉዳዩም ነጻ የሆነ ምንጭ አቅርብ ይላል።

ልጓሙ ብዙ ለተጻፈለት ሰው ይመቻል። ማዘርቦርድን፣ ማለትም የኮምፒዩተር ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበትን ዋና ሰሌዳ ከሚሠሩት ኩባንያዎች መካከል አሱስን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1989 ታይፔ ላይ ያቋቋሙት ቀድሞ በኤሰር ኩባንያ ይሠሩ የነበሩ አራት መሐንዲሶች ናቸው። ስለ ጅማሬያቸው አንድ ጣፋጭ ወግ ይወራል። የኢንቴል 486 ፕሮሰሰር ገና እጃቸው ሳይገባ ሰሌዳውን ሠርተው ወደ ኢንቴል ቢሄዱ፣ ኢንቴል የራሱ ሰሌዳ እንቢ ብሎት ደረሱ፤ የእሱን አስተካከሉለት፣ የራሳቸው ግን ያለ እንከን ሠራ ይባላል። አራሚው እዚህ ላይ ቆም ብሎ “ይህን ያለው ማን ነው?” ይላል። ባለቤቱ ብቻ ከሆነ “ኩባንያው እንደሚለው” ብሎ ያሰፍረዋል። ለሌላው ለሌላው ምስክር አያጣም፤ የኮምፒዩተር መጽሔቶች ሰሌዳዎቹን እየፈተሹ ብዙ ጽፈዋል። ለአሞጋሽም ቢሆን ደንብ ወጥቶለታል፤ ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ገንዘብ ተቀብሎ በውክፔዲያ ላይ የሚጽፍ ሰው ከፋዩ ማን እንደሆነ የመግለጽ ግዴታ አለበት።

ይህንኑ ሚዛን ይዘን አቦቦ ስለገባ አንድ ኩባንያ እንጻፍ ብንልስ? አቦቦ ከጋምቤላ ከተማ በስተ ደቡብ፣ በአኙዋ ዞን ያለች ወረዳ ናት። በደርግ ዘመን በአልዌሮ ወንዟ ላይ በሶቪየት ባለሞያዎች እገዛ ግድብ ተጀመረ፤ በ1977ቱ ድርቅ ወቅት ደግሞ ከሌሎች ክፍላተ ሀገር የተነሡ ሰፋሪዎች ወደ ምድሯ መጡ። ቆይቶ የሼክ መሐመድ አል አሙዲ ኩባንያ ሳዑዲ ስታር በግድቡ ውኃ ሩዝ ሊያለማ 10 ሺህ ሄክታር ተከራየ። ሚያዝያ 20 ቀን 2004 ዓ.ም. ታጣቂዎች የኩባንያውን ሰፈር አጥቅተው ቢያንስ 5 ሠራተኞች ገደሉ፤ 4ቱ ኢትዮጵያውያን፣ 1ዱ ፓኪስታናዊ።

አራሚው የታተመ ነገር ሲፈልግ የሚያገኘው በአመዛኙ የሦስት ወገን ቃል ነው። ኩባንያው ስለ ዕቅዱ ተናግሯል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥር 2004 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ በጋምቤላ በመንደር ማሰባሰብ ስም ሰዎች በግድ ከቀያቸው ተነሥተዋል ብሏል። መንግሥት ደግሞ ማሰባሰቡ በሕዝቡ ፈቃድ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያን ለማዳረስ የተደረገ ነው ሲል አስተባብሏል። ደንቡን የሚያከብር አራሚ ሁሉንም ከነባለቤታቸው ያሰፍራል።

ነገር ግን አንዲት ቃል ታስቸግራለች፤ “ሥራ ላይ ያልዋለ መሬት” የምትለው። ማሳውን ለጥቂት ዓመት አርሶ፣ ከዚያ አሳርፎ ወደ ሌላው የሚሻገር የአኙዋ ገበሬ ያሳረፈው መሬት፣ ከሩቅ ለመጣ ሰው ባዶ ይመስላል። ለገበሬው ግን ያ መሬት የነገ እርሻው፣ የአደኑና የማሩ ቦታ ነው። ይህን የሚለው በቃሉ ነው። ኢንሳይክሎፔዲያው ደግሞ ቃል አይቀበልም።

ችግሩ ከትናንት የመጣ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ለሱዳን ተፈቀደ፤ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነጻ እስክትወጣም ቆየ። ስለ አኙዋ የአገዛዝ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1940 መጽሐፍ ያሳተመው እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ ነው፤ ርእሱም የሱዳኑን አኙዋ የሚል ነበር። ይኸው ሰው በጦርነቱ ጊዜ የአኙዋ ተዋጊዎችን እየመራ በጊላ ወንዝ አካባቢ ጣልያንን ወግቷል። ውሉን ዲፕሎማት፣ መጽሐፉን ምሁር፣ ዕቅዱን ኩባንያ ጻፈው። አቦቦ ብዙ ተጽፎላታል፤ ራሷ የጻፈችው ግን ጥቂት ነው።

ታዲያ ልጓሙ ይፈታ? አይደለም። ለገበሬው ቃል የተከፈተ በር ለኩባንያው ውዳሴም ይከፈታል። መፍትሔው ከዲድሮ ዘንድ ይገኛል። ባለሞያዎቹ በአብዛኛው አይጽፉም ነበርና፣ እሱ ወደ መሥሪያቸው ሄዶ ጠይቆ፣ ቃላቸውን ወደ ኅትመት አመጣው። ለእኛም የቀረን ይኸው ነው፤ የአኙዋን ሽማግሌ፣ የ1977ቱን ሰፋሪ፣ የሩዝ እርሻውን የቀን ሠራተኛ መጠየቅ፣ የተናገሩትን ከነቦታውና ከነቀኑ በአኙዋኛም በአማርኛም ማተም። ጋዜጠኛው፣ መምህሩ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጀው ተማሪ ወደ አልዌሮ ዳር ይውረዱ። ያን ጊዜ አራሚው የሚጠቅሰው ያገኛል፤ “ሥራ ላይ ያልዋለ መሬት” ከሚለው ቃል ጎንም “የማን መሬት?” የሚለው ጥያቄ ከነመልሱ ይሰፍራል።