በአንጎል ደም መልስ ሥሮች የደም መርጋት የሚመጣ የዐይን እንቅስቃሴ መዛባት

ከአንጎል ደም በሚመልሱ ሥሮች፣ በተለይም ሳይነስ በሚባሉት ሰፋፊ መውረጃዎች ውስጥ ደም ሲረጋ ዐይን እንደ ልብ መዞር ሊሳነው ይችላል። ታማሚው አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል፤ ዐይኑ ይንሸዋረራል ወይም ቆቡ ይወርዳል። በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመውና 624 ታማሚዎችን በተከታተለው ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ራስ ምታት ከ100 ታማሚዎች በ89ኙ ገደማ፣ ነገርን ሁለት አድርጎ ማየት ደግሞ በ14ቱ ያህል ታይቷል። ሕመሙ ከወንዶች ይልቅ ወጣት ሴቶችን ያጠቃል። እርግዝና፣ አራስነት፣ ኤስትሮጅን ያለባቸው የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎች፣ በዘር የሚወረስ የደም መርጋት ዝንባሌ፣ ካንሰርና ኢንፌክሽን ያጋልጣሉ።

አመጣጥ

የተለመደው መንስኤ በራስ ቅል ውስጥ የሚጨምር ግፊት ነው። ደም መውጫ ሲያጣ በአንጎል ዙሪያ ያለው ፈሳሽም በወጉ አይመጠጥም። በዚህ ሳቢያ ግፊቱ ሲጨምር ዐይንን ወደ ጆሮ በኩል የሚያዞረው ስድስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ይጎዳል፤ ምስሎቹ ጎን ለጎን ይታያሉ፣ ሩቅ ሲመለከቱም ይብሳል። ይህ ምልክት ደሙ የረጋበትን ቦታ አያሳይም።

ደሙ የረጋው ከዐይን ጎድጓዳ በስተኋላ ባለው ካቬርነስ ሳይነስ ከሆነ ግን ነርቮቹ እዚያው ይጎዳሉ። ሦስተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው ነርቭ በዚህ ቦታ ያልፋሉና ዐይን ወደ የትኛውም አቅጣጫ አልዞር ሊል ይችላል። ዐይን ወደ ውጭ ይገፋል፣ ያብጣል፣ ይቀላል፤ ትኩሳትም ይኖራል። ብዙ ጊዜ መነሻው የፊት ብጉንጅ ወይም በአፍንጫ ዙሪያ ያሉ የአየር ክፍተቶች ኢንፌክሽን ነው። ሁለቱ ካቬርነስ ሳይነሶች ስለሚገናኙ ሕመሙ ወደ ሌላው ዐይን ሊሻገር ይችላል።

ምርመራ

ተራ ሲቲ ስካን ጤናማ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ስለዚህ ደም መልስ ሥሮችን የሚያሳይ የኤምአርአይ ወይም የሲቲ ምርመራ ያስፈልጋል። ሐኪሙ የእይታ ነርቭ ራስ ማበጥ አለማበጡንም ያያል።

ሕክምና

ሕክምናው ደም እንዳይረጋ በሚያደርገው በሄፓሪን ይጀመራል፤ ከዚያም ተመሳሳይ ሥራ ያለው የሚዋጥ መድኃኒት በአብዛኛው ከ3 እስከ 12 ወር ይወሰዳል። ኢንፌክሽን ካለ በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ሳይዘገይ ይጀመራል። ግፊቱ ሲቀንስ የስድስተኛው ነርቭ ድካም አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ ለረጅም ጊዜ በግፊት የቆየ የእይታ ነርቭ ግን ላይድን ይችላል። ስለዚህ ራስ ምታት ያለበት ሰው፣ በተለይም አራስ፣ ነገሮች ሁለት ሆነው ከታዩት የዕለቱን ዕለት መመርመር ይኖርበታል።