«አንጣላም»፦ ዋጋው ሳይቆረጥ የተሠራ ሥራና የአማርኛ የሕግ ቃላት

በደሴ ሰኞ ገበያ ልብስ ሰፊው ጨርቅ ሲቀበል፣ አናጢው ጣሪያ ሊጠግን ሲስማማ፣ ተሸካሚው ጆንያ ሲያነሣ ዋጋው ስንት ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ «ግድ የለም፤ አንጣላም» ብሎ ሥራውን መጀመሩ የተለመደ ነው። በሰዋስው ዐይን ሲታይ «አንጣላም» ከ«ተጣላ» የወጣ ተራ የአሉታ ርባታ ነው። ነገር ግን ሥራው አልቆ ሁለቱ ሰዎች የተጣሉ እንደ ሆነ፣ ከዳኛ ፊት የሚቀርበው ውል ይኸው አንድ ቃል ብቻ ይሆናል። በጽሑፍ የሰፈረ ነገር የለም፤ እማኝ ቢገኝም የሚናገረው ቃሉ መነገሩን እንጂ የብሩን ልክ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው ክርክር በአማርኛ በምን በምን ቃላት ሲካሄድ እንደ ኖረ ማሳየትና፣ የቃሉ ምርጫ የሠራተኛውን ድርሻ እንዴት ከፍና ዝቅ እንደሚያደርገው መመርመር ነው።

በዚያው ቦታ «ደስ ያለህን ትሰጠኛለህ»፣ «ሥራህን አይቼ»፣ «ውለታህን አልረሳም» የሚሉትም ይነገራሉ። ላይ ላዩን አንድ ቢመስሉም መለኪያውን ለማን እንደሚሰጡ ስንጠይቅ ይለያያሉ። «ደስ ያለህን» ያለ ሰው ልኩን ለከፋዩ ፈቃድ ትቷል። «ሥራህን አይቼ» መለኪያውን ከሥራው ጥራት ላይ ያኖራል፤ ሆኖም ተመልካቹ አሠሪው ራሱ ነው። «ውለታህን አልረሳም» ደግሞ ዋጋ መኖሩን ራሱን አጠራጣሪ ያደርገዋል፤ ውለታ በውለታ ይመለሳል እንጂ በብር አይቆጠርምና። ዋጋ መኖሩን አምኖ፣ ልኩንም ለአንዱ ወገን ሳይተው፣ ሁለቱም ሊቀበሉት ወደሚችሉት መጠን የሚያመለክተው «አንጣላም» ብቻ ነው። የግሡ ባለቤት «እኛ» መሆኑን ልብ ይሏል።

በአገራችን የርስትና የጉልት ነገር ከጥንት ጀምሮ በጽሑፍ ሲሰፍር፣ የጉልበት ሥራ ግን የቃል ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። ቃሉን የሚያጸኑት ዋስና እማኝ ነበሩ። እዚህ ላይ አማርኛ ዛሬ እየተዘነጋ የሄደ ልዩነት አለው፤ «እማኝ» ተዋዋዮቹ ሲዋዋሉ እንዲሰማ አስቀድሞ የተጠራ ሲሆን፣ «ምስክር» ግን የሆነውን ስላየ ወይም ስለ ሰማ በኋላ የሚጠራ ነው። በነጋድራሶች ዘመን በገበያ የሚነሣው የንግድ ክርክር ለነጋድራሱ ዳኝነት ይቀርብ ነበር፤ በአደባባዩ «በላ ልበልሃ» ሙግትም ቢሆን ተከራካሪው የሚታመነው በአንደበቱና በዋሱ ነበር።

ግእዝ ለቅጥር ዋጋ «ዐስብ»፣ ለተቀጣሪው «ገባኢ» ይላል። ሁለቱም ከዕለት ተዕለት አማርኛ ርቀዋል። የ«ገባኢ»ን ቦታ በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም የያዘው «ምንደኛ» ለበጎቹ ከማያዝነው ቅጥር እረኛ ጋር ተያይዞ የነቀፌታ ቃል ሆኖ ስለ ቀረ፣ «ምንዳ»ን ይዞ ከችሎት መቆም ለከሳሽ የሚያኮራ አልሆነም። «ደመወዝ»ን ሕዝቡ «ደም» እና «ወዝ» ብሎ ይከፍለዋል። ይህ ስለ ቃሉ ምንጭ ማስረጃ አይሆንም፤ ስለ ስሜቱ ግን ይመሰክራል። ይበልጥ የሚያስተምረን «የደመወዝ ጋብቻ» የሚባለው የቀድሞ ልማድ ነው። በዚያ ልማድ ለሴቲቱ የሚከፈለው ልክ አስቀድሞ የተቆረጠ ነበር። እንግዲህ «ደመወዝ» በባሕርዩ የተቆረጠ ክፍያ ከሆነ፣ ዋጋ ሳይቆርጥ የሠራ ሰው «ደመወዜ» ለማለት አፉ አይታዘዝለትም፤ «የድካሜ ዋጋ» ወይም «የላቤ ዋጋ» ይላል። ተከሳሽም ይህንኑ ክፍተት ይጠቀምበታል፤ «ደመወዝ ተስማምተናል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ «አልተስማማንም» ነውና።

ከዚህ የባሰው መከላከያ ሥራውን ከዋጋ ዓለም ጨርሶ የሚያስወጣው ነው። በወሎም ሆነ በሌላው አማርኛ ተናጋሪ አገር ያለ ክፍያ ለሚሠራ ሥራ የዳበሩ ስሞች አሉ። በደቦ ባለ ሥራው ያበላል፣ ያጠጣል፤ ዕዳ የለበትም። በወንፈል ጉልበት በጉልበት ይመለሳል። ስለዚህ የአንድ ቀን አጨዳ «ወንፈል ነበር» ከተባለ መልሱ አንድ ቀን አጨዳ ነው፤ «ደቦ ነበር» ከተባለ ምንም ነው፤ «ቅጥር ነበር» ከተባለ ገንዘብ ነው። በከተማ ደግሞ «እንደ ልጄ ነው ያሳደግኋት» የሚለው አነጋገር የደቦን ቦታ ይዟል። ከገጠር መጥታ ለዓመታት ስታበስልና ስታጥብ የኖረች ልጅ ክፍያ ስትጠይቅ የሚሰጣት መልስ ይህ ነው፤ «እትዬ» እያለች መጥራቷም በተራዋ ለዝምድናው ማስረጃ ሆኖ ይቀርብባታል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ የገባው በዚህ የቃላት ሜዳ ላይ ነው። ረቂቁን በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ናቸው፤ አማርኛው ትርጉም ነው፤ ሆኖም በሕግ የሚጸናው አማርኛው ነው። ሕጉ በቁጥር 3347 በያዛቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማድ ሽሮ፣ በቁጥር 1713 ግን «ልማድ»ን ከ«ርትዕ»ና ከ«ቅን ልቡና» ጋር የውል መሙያ አድርጎ መልሶ አስገብቶታል። ውል በመርሕ ልዩ ፎርም እንደማያስፈልገውም በቁጥር 1719 ስለ ደነገገ የቃል ውል ውል ነው። ከሁሉ ይልቅ ለጉዳያችን የሚቀርበው ስለ ውክልና የተጻፈው ቁጥር 2220 ነው፤ ክፍያው በውል ባይወሰንም ተወካዩ ሥራውን በሞያው የሠራው እንደ ሆነ ወይም መክፈል የተለመደ ከሆነ ክፍያ ይገባዋል፤ ባይስማሙ ዳኛው በታወቀው ታሪፍና በልማዱ ይወስናል። ይህ «አንጣላም» የሚለው ነገር በሕግ ቋንቋ ሲነገር ማለት ነው።

ውል መኖሩ ካልተረጋገጠ ግን ከሳሽ ወደ ቁጥር 2162፣ ወደ «ያላገባብ መበልጸግ» ይሄዳል። በዚህ ጊዜ መለኪያው ይለወጣል፤ የሚታየው የሠራተኛው ድካም ሳይሆን የሌላው ጥቅም ነው። ግንበኛ 3 ቀን የካበውን አጥር በ4ኛው ቀን ጎርፍ ቢወስደው፣ በመጀመሪያው መንገድ የ3 ቀን ዋጋ ይጠይቃል፤ በሁለተኛው የሚጠይቀው ጥቅም ራሱ አጠያያቂ ነው። «በለጸገ» የሚለው ግሥም ለአማርኛ ጆሮ አይመችም። ቃሉ ሀብትንና ድሎትን ስለሚያስታውስ፣ አጥር የታጠረላት ድኻ «ምኑን በለጸግሁ?» ብትል የሕጉ ቃል ራሱ የሚያግዛት ይመስላል። የፈረንሳይኛው ቃል ግን በሕግ ቋንቋ ማናቸውንም ያለ በቂ ምክንያት የተገኘ ጥቅም ይይዛል። በእኛ አስተያየት «ያላገባብ መጠቀም» ቢባል ይሻል ነበር።

የሠራተኛ ሕጎች በሌላ መንገድ ተጉዘዋል። ከአዋጅ ቁጥር 64/1968 በኋላ 42/1985፣ 377/1996 እና 1156/2011 ተከታትለው ወጥተዋል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሥራ ውል ልዩ ፎርም እንደማያስፈልገው፣ በጽሑፍ ካልተደረገም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎ መስጠት እንዳለበት ደንግገዋል፤ አለመስጠቱ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። ለኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የግል አገልግሎት ቅጥር ግን ከአዋጆቹ ወሰን ውጭ ስለ ተደረገ፣ «እንደ ልጄ» የተባለችው የቤት ሠራተኛ ዛሬም ከ1952ቱ ሕግ ጋር ናት። በአብዮቱ ዘመን የተስፋፋው «ወዛደር» እንኳ ያሰበውን አላገኘም፤ የመደብ ስም ይሆን ዘንድ ተፈጥሮ፣ በገበያው ጫኝና አውራጁን ብቻ ለመጥራት ወርዷል። ቢሆንም ከ«ኩሊ» ይሻላል።

የቀረው «ተገቢ» የምንለው ቅጽል ነው። በፍርድና በትርጉም ሥራዎች «ተገቢ»፣ «ተመጣጣኝ»፣ «በቂ» እና «የተለመደ» እየተለዋወጡ ይገባሉ። «የተለመደ ዋጋ» የገበያውን ልክ ይጠይቃል፤ ገበያው ዝቅ ብሎ ከሆነ ሠራተኛውም ዝቅ ይላል። «ተመጣጣኝ» ሚዛን ነው፤ ሥራውን ከክፍያው ጋር ያስተያያል። «በቂ» ወደ ሠራተኛው ኑሮ ይመለከታል፤ በ1941 ዓ.ም. የጸደቀው ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 23 ክፍያውን ከሠራተኛውና ከቤተ ሰቡ ክብር ጋር ሲያያይዝ ይህን መለኪያ ጨምሯል። «ተገቢ» ግን የትኛው መለኪያ እንደ ተያዘ አይናገርም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ስለሚያስገድድ፣ አዲስ አበባ ላይ አንድ ጊዜ የተመረጠ ቅጽል የደሴውን ዳኛ ይይዛል።

ስለዚህ ተርጓሚው መለኪያው በምንጩ ጽሑፍ በታወቀ ቦታ ሁሉ «ተገቢ»ን ትቶ ከሦስቱ አንዱን ቢወስድ እንመርጣለን። ለመዝገበ ቃላቱም በ«ተጣላ» ሥር የሚከተለው ፍች እንዲታከል እናቀርባለን፦ «አንጣላም (በሥራ ስምምነት)፤ ዋጋ አለው፤ ልኩ ግን ከሥራው በኋላ እንደ ሥራው መጠንና እንደ ልማዱ ይቆረጣል።»