ለመስክ ተሽከርካሪዎች ሁለተኛ ባትሪ ስለመግጠም

ከነጌሌ ቦረና ወደ ፊልቱ፣ ወደ አሬሮና ያቤሎ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ሞያሌ ለሥራ የሚሰማሩ የመንግሥት ሠራተኞች ኮምፒዩተርና አነስተኛ ማተሚያ ይዘው መጓዛቸው የተለመደ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰባቸው ቀበሌዎች የ220 ቮልት ኃይል የሚገኘው ከተሽከርካሪው ባትሪ በኢንቨርተር አማካይነት ነው። ኢንቨርተሩ ከተሽከርካሪው ብቸኛ ባትሪ ጋር ከተያያዘ ግን ምሽቱን የተሠራበት ኃይል ንጋት ላይ ሞተሪኖውን የሚያዞር አቅም ላያስተርፍ ይችላል። በቆላው መንገድ ደግሞ ኬብል የሚያውስ ሌላ መኪና ለሰዓታት ላያልፍ ይችላል።

ለዚህ ሁነኛው መፍትሔ ለኢንቨርተሩ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ባትሪ መግጠም ነው። ይሁንና ሁለቱን ባትሪዎች በሽቦ ማገናኘት ብቻውን ፋይዳ የለውም፤ አብረው ይደክማሉና። በመካከላቸው መለያ ሪሌ ሊገባ ይገባል። ሪሌው ሞተሩ ተነስቶ ዲናሞው ቮልቴጁን ወደ 13.3 ገደማ ሲያደርሰው ሁለቱን ያገናኛል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ቮልቴጁ ከ12.8 አካባቢ በታች ሲወርድ ይለያያቸዋል።

ብዙዎቹ የጭነት መኪኖች ከፋብሪካ ሁለት ባትሪ ይዘው ይመጣሉ። ያ ሁለተኛው ባትሪ ትርፍ አይደለም፤ ሁለቱ በተከታታይ ተያይዘው 24 ቮልት የሚሰጡ ናቸው። ከአንደኛው ብቻ 12 ቮልት መሳብ ሁለቱንም ያበላሻል።

ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ መጠቀም ይመከራል። ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነው ሲቀነስ ለሥራ የሚቀረው ከ500 ዋት ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። ይህም 60 ዋት የሚወስድ ኮምፒዩተርና 10 ዋት አምፖል ለሰባት ሰዓት ያህል ያሠራል። ሌዘር ማተሚያ ግን ሲሞቅ ከ500 ዋት በላይ ስለሚስብ ለዚህ ዓይነቱ አገልግሎት አይሆንም። የጎደለውን ለመሙላት የበርካታ ሰዓታት ጉዞ ያስፈልጋል፤ መኪናውን አቁሞ ሞተሩን ለግማሽ ሰዓት ማስነሳት ነዳጅ ከመፍጀት ያለፈ ጥቅም የለውም።

ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊጠበቅ የሚገባውን ክትባት በኢንቨርተር በሚሠራ የቤት ማቀዝቀዣ ማጓጓዝ አደገኛ ነው። የማቀዝቀዣው ሞተር ሲነሳ ከመደበኛ ፍጆታው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ኢንቨርተሩ ሊቋረጥ ይችላል። በበረዶ የሚሠራው የክትባት ሳጥን አሁንም የተሻለ አስተማማኝ ነው።

600 ዋት የሚያወጣ ኢንቨርተር ከ12 ቮልት ባትሪ እስከ 60 አምፒር ይስባል። በመሆኑም ከኮፈኑ ሥር እስከ ኋላ የሚዘረጋው ገመድ ቢያንስ 25 ካሬ ሚሊ ሜትር ሊሆን፣ በባትሪዎቹ መካከል በሚዘረጋው ገመድም ላይ በየጫፉ ባትሪዎቹ አጠገብ ፊውዝ ሊገባ ይገባል። ፊውዝ የሌለው ገመድ ተፍቆ ከሻንሲው ጋር ቢነካካ ተሽከርካሪውን ያቃጥላል።

እንደ ዶሎ ኦዶ ባሉ ሞቃታማ ከተሞች የቦታው ምርጫ ከሌላው ሁሉ ይብሳል። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ገደማ ያጥራል፤ ስለዚህ ከሞተሩ ማራቅ ይበጃል። ተራ የአሲድ ባትሪ ሲሞላ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ ሰው በሚቀመጥበት ክፍል አይገጠምም፤ እዚያ የሚገባው የታሸገው ዓይነት ነው። አሲድ የሚጨመርበት ከሆነ ደግሞ የውሃውን መጠን በየሁለት ሳምንቱ ማየትና የጎደለውን በተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ መሙላት የሾፌሩ ድርሻ ይሆናል።