ካርታውና መኪናው፦ የመንገድ መሪ መሣሪያዎች ታሪክ ምን ያስተምረናል?



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለታሪክ ተማሪ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ከመኪና ጋር ተገጥሞ የሚመጣው የመንገድ መሪ መሣሪያ፣ በፊት መስታወት ላይ የሚለጠፈው ተንቀሳቃሽ መሣሪያ እና በኪሳችን የምንይዘው ስልክ እንዴት ተፎካከሩ? ስልኩስ ለምን በረታ? ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «በነፃ ስለሚገኝ» የሚል ነው። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። እኔ እንደማየው ጉዳዩ ከዋጋ ይልቅ የዕድሜ ነው። መኪና ከአሥር ዓመት በላይ ያገለግላል፤ ካርታ ግን አዲስ መንገድ በተከፈተ ቁጥር ያረጃል። ሁለቱን አንድ ላይ ያሰረ መሣሪያ ከመኪናው ቀድሞ ይሞታል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ከጃፓን እንጀምር። ሆንዳ በ1981 ለአኮርድ መኪናው ያቀረበው መሣሪያ ሳተላይት አያውቅም ነበር። በሂሊየም ጋዝ የሚሠራ ጃይሮስኮፕ መኪናው የታጠፈበትን አቅጣጫ ይለካል፤ ሌላ መለኪያ የተጓዘውን ርቀት ይቆጥራል። ካርታው በስስ ፕላስቲክ ላይ የታተመ ሲሆን፣ ነጂው ራሱ በስክሪኑ ላይ ያስገባውና የተነሣበትን ቦታ ያመለክታል። በ1985 ደግሞ ኢታክ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ካርታውን ወደ ቁጥር ለውጦ በካሴት ላይ አስቀመጠው። ስሙን የወሰደው ከፓስፊክ ደሴቶች ባሕረኞች ነው። በእነርሱ ዘዴ ታንኳዋ እንደቆመች፣ ደሴቶቹ እንደሚንቀሳቀሱ ተደርጎ ይታሰባል፤ በኢታክ ስክሪንም መኪናው መሐል ላይ ቆሞ ካርታው በዙሪያው ይንቀሳቀስ ነበር። ዛሬ በስልካችን የምናየው አቀራረብ ያው ነው። ሆኖም ሎስ አንጀለስን የመሰለ ሰፊ ከተማ ለማካለል በርካታ ካሴቶች ያስፈልጉ ነበር።

በ1990 ማዝዳ ኢዩኖስ ኮስሞ በተባለው መኪናው ላይ በጂፒኤስ የሚሠራ መሣሪያ ገጠመ። የአሜሪካ ጦር ግን ለሲቪሎች የሚለቀቀውን የሳተላይት ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር ስሕተቱ እስከ አንድ መቶ ሜትር ይደርስ ነበር። ይህ በግንቦት 2000 በፕሬዚዳንት ክሊንተን ውሳኔ ሲቀር፣ አንድ ትንሽ መሣሪያ ከመኪናው ጎማ ጋር ሳይያያዝ ብቻውን መንገዱን መለየት ቻለ። ለተንቀሳቃሾቹ መሣሪያዎች ትልቁን በር የከፈተው ይህ ነው። የኔዘርላንዱ ቶምቶም በ2004 ጎ የተባለውን መሣሪያ አወጣ፤ የአሜሪካው ጋርሚንም በዚሁ ገበያ ከበረ። ባለቤቱ መሣሪያውን ከአንድ መኪና ነቅሎ በሌላው ይለጥፈዋል፤ ካርታውንም ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ያድሳል። በመኪናው ውስጥ የተገጠመው ግን አዲስ ዲስክ ከሻጩ እስኪገዛለት ይጠብቃል።

በወቅቱ የካርታ ባለቤትነት ምን ያህል ይከበር እንደነበር ከሽያጮቹ መረዳት ይቻላል። ኖኪያ በ2007 ናቭቴክ የተባለውን የካርታ ኩባንያ በ8.1 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2009፣ ጉግል በየመታጠፊያው በድምፅ የሚመራ አገልግሎት በአንድሮይድ ስልኮች ላይ በነፃ እንደሚሰጥ አስታወቀ። የጋርሚንና የቶምቶም የአክሲዮን ዋጋ በዚያው ቀን ክፉኛ ወረደ። በ2015 ኖኪያ ያንኑ የካርታ ሥራ፣ ሂር በሚል ስም፣ ለአውዲ፣ ለቢኤምደብሊውና ለዳይምለር በ2.8 ቢሊዮን ዩሮ ሸጠው። መኪና ሠሪዎቹ የተፎካካሪነት ስሜታቸውን ወደ ጎን ትተው በጋራ መግዛታቸው ስጋታቸውን ያሳያል። ያም ሆኖ በካርፕሌይና በአንድሮይድ አውቶ አማካይነት የብዙ መኪናዎች ስክሪን የስልኩ መስተዋት ሆነ።

እዚህ ላይ ለተሸናፊው ፍትሕ ልንነፍግ አይገባም። የተገጠመው መሣሪያ የጎማውን ዙርና የመሪውን አቅጣጫ ስለሚያውቅ ሳተላይት በማይታይበት ዋሻ ውስጥ እንኳ ሥሌቱን አያቋርጥም። ኔትወርክም አይለምንም። ከሁሉም በላይ፣ የቀደሙት መሣሪያዎች ወዴት እንደሄድን ለማንም አይናገሩም ነበር። ስልኩ የመንገድ መጨናነቅን የሚነግረን ከሚሊዮኖች ስልኮች የእንቅስቃሴ መረጃ ሰብስቦ ነው። ስለዚህ አገልግሎቱ በነፃ ተሰጠ ሲባል፣ የሚከፈለው በገንዘብ አይደለም ማለት እንጂ አይከፈልም ማለት አይደለም።

ይህ ታሪክ እኛን የሚነካው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው፣ እኛ ባብዛኛው የምንነዳው ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ መኪና መሆኑ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና ስክሪኑ ጃፓንኛ ይናገራል፤ የሚያውቀውም የጃፓንን መንገድ ነው። ለቶኪዮ ነዋሪ ካርታው ያረጀበታል፤ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ግን ከመጀመሪያውም አልተወለደለትም። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ ለቻይና ገበያ የተሠሩ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዝተዋል። ስክሪናቸው ሰፊና የሚያምር ቢሆንም የብዙዎቹ ቋንቋ ቻይንኛ ነው። ነጂው ከአጠገቡ ስልኩን ይሰቅላል። የሆንዳ ፕላስቲክ ካርታ ያስነሣው ችግር ከአርባ ዓመት በኋላም አብሮን አለ።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። «ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት» እያልን ስንጠቋቆም የኖርንበትን ዕውቀት ስልኩ እየተካው ነው። የቀደመው ዕውቀት በሰፈርተኛው ዘንድ ነበር፤ አሁን የሚኖረው በውጭ ኩባንያ ኮምፒውተር ላይ ነው። ኢንተርኔት የተቋረጠባቸውን ጊዜያት የምታስታውሱ ሁሉ፣ ካርታውን አስቀድሞ በስልኩ ያላስቀመጠ ሰው ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ። ከ2004 ጀምሮ ማንም ፈቃደኛ የሚያርመው ኦፕንስትሪትማፕ የተባለ ክፍት ካርታ አለ። የሰፈራችሁን ስም በትክክል በዚያ ላይ ማስፈር ለእናንተ ትውልድ የታሪክ ሰነድ ማዘጋጀት ጭምር ነው፤ የፈረሰ ሰፈር ስሙ የሚተርፈው የጻፈው ሰው ካለ ነውና።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።