ሰፈር ቢበተን መዝገቡ ይሰበስባል



በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ «ሰፈሩ ከሌለ ዕድሩ ለምን ይኖራል? ያለችውን ገንዘብ ተካፍለን ብንለያይስ?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ጥያቄው የክፋት አይደለም፤ የድካም ነው። እኛም መልሱን ከራሳችን ታሪክ እንፈልገው ብለን ይህችን አጭር ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው ከጣልያን ነው። ፋሺስት ኢጣልያ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚያሠራው ድርጅት «ኢንቺስ» ይባል ነበር። «ካዜ» ማለት በቋንቋቸው ቤቶች ማለት ነው። «ካዜ ኢንቺስ» በእኛ አፍ ተላምጦ ካዛንቺስ ሆነ። ጠላት በ1933 ሲባረር ስሙ እዚሁ ቀረ፤ እኛም የራሳችን አደረግነው። ቂርቆስ ግን ስሙን ያገኘው ከሰማዕቱ ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. ከተማችን ከደረሰ ወዲህ በለገሀር በኩል የሚገባው እንግዳ በዛ። ኋላም የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በ1948፣ የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ተሠሩ። በዚሁ አዳራሽ ግንቦት 17 ቀን 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ። ይህን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ከመንገዱ ጀርባ በጭቃ ቤት ተጠጋግቶ ይኖር የነበረውን ሰው ግን ማን ጻፈለት?

ያ ሰው ከጉራጌው፣ ከመንዙ፣ ከጎጃሙ፣ ከወለጋው የመጣ ነው። ወንድም እኅቱ ሩቅ አገር ናቸው። ታዲያ ሲሞት ማን ይቅበረው? የዕድር ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ጥሩምባው በማለዳ ሲነፋ ባለሱቁም፣ ዘበኛውም፣ ጠጅ ሻጯም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትወጣለች። ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ ንፍሮው ይቀቀላል። የቀረ ይቀጣል። በ1967 አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ብዙ ነገር ተገለባበጠ፤ በዕድሩ መዝገብ ግን አከራይና ተከራይ ቀድሞም እኩል ከፋይ ነበሩ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ ከፊላችን ገላን ጉራ፣ ከፊላችን ሌላ ሌላ ቦታ ሄድን። ጥሩምባው ከዚያ ወዲያ አልተሰማም፤ በስልክ ሆነ። ያም ሆኖ አንዲት እናታችን በአዲሱ ሰፈራቸው ባረፉ ጊዜ ድንኳኑን በኪራይ መኪና ጭነን ደረስን። አዲሶቹ ጎረቤቶች «እናንተ ደግሞ ከየት ናችሁ?» ቢሉን «የካዛንቺስ ዕድር ነን» አልናቸው። ልጃቸው ይህን ስትሰማ አለቀሰች። እኛም አለቀስን።

ከቀብር መልስ አሮጌውን መዝገብ ገለጥነው። የቤት ቁጥር ከመለመዱ በፊት የተጻፈው አድራሻ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ»፣ «ከቧንቧው አጠገብ»፣ «ከግራሩ ሥር» ይላል። ወፍጮ ቤቱም፣ ቧንቧውም፣ ግራሩም ዛሬ የሉም። ያ መዝገብ ግን ማን ከማን ጎን ይኖር እንደነበር ይናገራል። የሰፈራችን ካርታ በእጃችን ነው እኮ!

ስለዚህ የምናሳስበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አዲስ አድራሻችሁን ስታስመዘግቡ አሮጌው አይሰረዝ፤ ጎን ለጎን ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች የሚያስታውሱትን ለጸሐፊያችን ይንገሩ፤ ልጆችም ይጻፉላቸው። ገንዘቡን ብንካፈል ለየአንዳንዳችን የሚደርሰው አንድ ሳምንት አይሻገርም። መዝገቡን ግን ማን ከማን ይካፈላል?

ለሞቱት ወገኖቻችን ዕረፍተ ነፍስን፣ ለቀረነው አብሮ መኖርን እንመኛለን።